ከግንቡ በታች፤ የጎንደር ዳርቻ ሰፈሮች ታሪክና ጠባይ

የጎንደር ስም በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ በሐሳብ የሚቀረጸው የነገሥታቱ ግንብ ነው። ስለ ከተማይቱ የተጻፈው ታሪክም በአብዛኛው ከግቢው ቅጥር ርቆ አይሄድም፤ ማን ነገሠ፣ ማን ምን አሠራ፣ የትኛው ደብር በማን ዘመን ተተከለ በሚሉ ጥያቄዎች ዙሪያ ይመላለሳል። ይሁን እንጂ ድንጋዩን የጠረቡት፣ የመኳንንቱን ልብስ የሸመኑት፣ ማረሻውንና ጦሩን የቀጠቀጡት፣ የማገዶውን እንጨት የተሸከሙት፣ ከተማይቱንም ከምፅዋና ከስናር ገበያ ጋር ያገናኙት ሰዎች በቅጥሩ ውስጥ የሚኖሩ አልነበሩም። መኖሪያቸው ከኮረብታው በታች፣ ከወንዙ ዳር፣ ከከተማይቱ ጠርዝ ላይ ነበር። እስላም ቤት፣ ካይላ ሜዳ፣ ወለቃና በዙሪያው ተራሮች ላይ የተበተኑት የቅማንት መንደሮች የጎንደር ሌላው ገጽ ናቸው። ይህ ገጽ ሳይነበብ የግንቡም ታሪክ ሙሉ ሊሆን አይችልም።

የከተማይቱ አቀማመጥ

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን በጎንደር ሲያደርጉ የመረጡት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ የሚል፣ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተዘረጋ ኮረብታ ነው። አገሩ ግን ባዶ አልነበረም። በዙሪያው ከጥንት ጀምሮ የአገው ወገን የሆኑት ቅማንቶች፣ እንዲሁም ቤተ እስራኤል ይኖሩ ነበር። የንግድ መንገዶችም ከአካባቢው ይገናኙ ነበር፤ አንዱ በሰሜን በኩል በዐድዋ አድርጎ ወደ ምፅዋ፣ ሌላው በምዕራብ በጭልጋና በመተማ አድርጎ ወደ ስናር፣ ሦስተኛው በደቡብ ጎጃምን አቋርጦ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ወደሚገኝባቸው አገሮች ያመራል።

ግንቡ ራሱ የብዙ አገር እጅ ያለበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ወደ ዐፄ ፋሲል የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚ ቤተ መንግሥቱን ያነጸው ሰው ሕንዳዊ እንደ ነበረ ጽፏል። በቤተ መንግሥቱ አገልግሎት ከነበሩት የውጭ ሰዎች መካከል አርመናዊው ነጋዴ ሖጃ ሙራድ ይጠቀሳል፤ የጎንደርን መልእክት ይዞ እስከ ባታቪያ፣ በዛሬው አጠራር እስከ ጃካርታ ድረስ ደጋግሞ ተጉዟል። ከተማይቱ ከመነሻዋ ጀምሮ የተለያየ ቋንቋና ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች የተሰባሰቡባት ነበረች ማለት ነው።

በኮረብታው ላይ፣ በግቢው ዙሪያ፣ የካህናቱና የመኳንንቱ ሰፈሮች ተዘረጉ። አቡን ቤት የጳጳሱ፣ እጨጌ ቤት የእጨጌው ይዞታ ሆኑ፤ እጨጌ ቤት በወንጀልና በቂም የተሳደደ ሰው የሚማጠንበት የመጠጊያ ስፍራም ነበር። ከዚህ ወርዶ በቀሃ ወንዝ በኩል ያለው ዝቅተኛ ምድር ለሌሎች ቀረ።

የመለያየቱ ዐዋጅ

ይህ የላይና የታች አሰፋፈር በመልክዐ ምድር ብቻ የመጣ አይደለም። የዐፄ ፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ሹማምንት የተሰበሰቡበት ጉባኤ በጎንደር ተደረገ። በዚህ ጉባኤ ከፖርቱጋሎች ወገን የተወለዱት “ፈረንጆች” የአገሩን ሃይማኖት እንዲቀበሉ፣ አለዚያም ወደ ስናር እንዲሄዱ ተወሰነ። ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ጋር ተቀላቅለው እንዳይኖሩ፣ የራሳቸውን መንደር ለብቻ እንዲመሠርቱ ታዘዘ፤ ቤተ እስራኤልም እንደዚሁ። ዐዋጁ ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1678፣ እንደገና ጸንቷል። አንድን ሕግ ደግሞ ማወጅ ማስፈለጉ ሰዎቹ በመጀመሪያው ትእዛዝ ፈጥነው እንዳልተለያዩ ያመለክታል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት በዘመኑ በጎንደር ብቻ የታየ አልነበረም። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1516 አይሁድ በአንድ በተከለለ ሰፈር ብቻ እንዲኖሩ አዝዛ ነበር። በፋርስም ሻህ ዐባስ ከትውልድ አገራቸው ያፈለሷቸውን አርመናውያን ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከመናገሻቸው ከኢስፋሃን ወንዝ ማዶ አስፍረዋቸዋል። በሦስቱም ከተሞች አንድ ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ገዥዎቹ የሰዎቹን ሙያና ንግድ ፈለጉ፣ ጉርብትናቸውን ግን አልፈለጉም።

የጎንደር መለያየት ሌላም ጠባይ ነበረው። በአንድ ወገን ትእዛዝ ብቻ የቆመ አልነበረም። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይቀምስም። ቤተ እስራኤልም በንጽሕና ሕጋቸው ከሌላው ሃይማኖት ሰው ጋር ከተነካኩ በውኃ ሳይታጠቡ ወደ ቤታቸው አይገቡም ነበር፤ “አትንኩኝ” የሚለው አባባል ከዚህ የመጣ ነው። የየሃይማኖቱ ጥንቃቄና የመንግሥቱ ዐዋጅ ተደጋግፈው ድንበሩን አጸኑት። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ የማዕድ ጥንቃቄ ሁሉንም እኩል ይመለከታል፣ ዐዋጁ ግን የመሬትና የሹመትን በር የዘጋው በአንዱ ወገን ላይ ነው።

እስላም ቤት

በቀሃ ወንዝ በኩል የተመሠረተው የሙስሊሞች ሰፈር እስላም ቤት፣ እስላምጌም ተባለ፤ ከጊዜ በኋላ አዲስ ዓለም የሚለውን ስም ይዟል። ከካይሮ ተጠርቶ እ.ኤ.አ. በ1699 ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ያከመው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴ መንገዱን የመራው ሐጂ ዓሊ የሚባል የንጉሡ ሙስሊም መልእክተኛ ነበር። ፖንሴ ሙስሊሞች በከተማይቱ ዝቅተኛ ክፍል በተለየ ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ክርስቲያኖችም ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ እንደማይቀርቡ መዝግቧል። ዐዋጁ ማዕዱን ቢለይም ንጉሡ ለሕመሙ መድኃኒት የሚፈልገው በሙስሊሙ ነጋዴ በኩል ነበር።

ከ70 ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ሰፈሩ የበለጠ ተናግሯል። በየካቲት 1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ሲደርስ ንጉሡና ራስ ሚካኤል ስሑል በዘመቻ ላይ ስለ ነበሩ መጀመሪያ የተቀበሉት የእስላም ቤት ሰዎች፣ ያስተናገደውም የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራስ መሐመድ ነበር። ብሩስ ከተማይቱ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 ቤተሰብ እንደሚኖርባት ሲገምት፣ የሙስሊሞቹን ሰፈር ብቻ ወደ 3,000 ቤት ያደርሰዋል፤ ከቤቶቹም አንዳንዶቹ ሰፊና ያማሩ መሆናቸውን ይገልጻል። ግምቱ የመንገደኛ ግምት ቢሆንም እስላም ቤት ጥቂት ጎጆዎች የተጠጉበት መንደር እንዳልነበረ ያሳያል።

የሰፈሩ ዋና ሥራ የሲራራ ንግድ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ በነጋዴዎቹ በቅሎና አህያ ተጭኖ ያልፋል፤ ከባሕር ማዶ ደግሞ ሐርና ግምጃ፣ ቅመማ ቅመምና የመስተዋት ዕቃ ይገባል። በዚሁ መንገድ በባርነት የተያዙ ሰዎች ጭምር ይነዱ እንደ ነበር መሸፈን አይገባም፤ ከዚያ ንግድ ነጋዴው፣ መኳንንቱና ቤተ መንግሥቱ በየፊናቸው ተጠቅመዋል። ከንግዱ ሌላ የጥጥ ሽመና በሰፈሩ የታወቀ ሙያ ነበር። ብሩስ እንደሚለው ደግሞ ንጉሡና መኳንንቱ ሲዘምቱ ድንኳን የሚተክሉትና የሚነቅሉት፣ ጓዙን ጭነው የሚነዱት በራሳቸው አለቆች የሚታዘዙ የእስላም ቤት ሰዎች ነበሩ። ጦርነቱን ግን አይዋጉም፤ እንዲዋጉም አይፈቀድላቸውም። ሠራዊቱ ያለ እነርሱ አያድርም፤ በድሉ ቀን ግን ስማቸው አይነሣም።

ጠራቢዎች፣ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች

የቤተ እስራኤል የጎንደር ኑሮ ከመሬት ማጣት ይጀምራል። ከጎንደር መመሥረት አስቀድሞ በነበሩት መቶ ዓመታት ከነገሥታቱ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች እየተሸነፉ ርስታቸውን አጡ። መሬት የሌለው ሰው ወይ የሌላውን መሬት በእኩል ያርሳል፣ ወይ በእጁ ሙያ ይኖራል። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎች፣ ግንበኞችና አናጢዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ሆኑ። ጎንደር መናገሻ በሆነች ጊዜ ይህ ሙያ ተፈላጊነት አገኘ። በጎንደር ዘመን ቤተ እስራኤል በቤተ መንግሥቱና በአብያተ ክርስቲያናቱ ግንባታ ላይ ሠርተዋል፤ ከመካከላቸው የአዛዥነትና የበጅሮንድነት ማዕረግ ያገኙ፣ መሬትም የተሰጣቸው አለቆች ነበሩ። ከከተማይቱ ጠርዝ ላይ የነበረው ሰፈራቸው ካይላ ሜዳ መባሉ ዜና መዋዕሎቹ ሕዝቡን “ካይላ” እያሉ ከሚጠሩት ስም የመጣ ነው። ካይላም ሆነ ፈላሻ ሌሎች ያወጡላቸው ስሞች ናቸው፤ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው።

ዘመነ መሳፍንት ሲመጣና የነገሥታቱ ሥልጣን ሲደክም የግንባታው ሥራ ቀዘቀዘ። ማዕረጉም መሬቱም ቀረ፤ የቀረው ሙያውና በሙያው ላይ የተጫነው ንቀት ነው። ማረሻው ያለ ቀጥቃጩ፣ ወጡ ያለ ሸክላ ሠሪዋ ድስት የማይሆንለት ገበሬ ሠሪዎቹን “ቡዳ” እያለ ፈራቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎ አወራባቸው። በእሳት የሚሠራ ሁሉ የተጠረጠረበት ይህ እምነት የመሬት አልባነትን ግፍ የተፈጥሮ ጉዳይ አስመስሎ ለረዥም ዘመን ሸፍኖታል።

ቅማንትም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ የራሳቸው ቦታ ነበራቸው። በከርከርና በጭልጋ፣ በጎንደርም ዙሪያ በሚገኙ ተራሮች ላይ መሬታቸውን እያረሱ፣ ወንበር በሚባሉት መሪዎቻቸው ሥር የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ጠብቀው ቆይተዋል። ለከተማይቱ የእንጨት ጭነት በጀርባቸው ተሸክመው ተራራውን የሚወርዱት የቅማንት ሴቶች ነበሩ። እነርሱ ካልወረዱ በጎንደር እንጀራ አይጋገርም ነበር።

ቡናው እንዴት ወጣ

በሰፈሮቹ መካከል የቆመው ድንበር ምን ያህል የጸና፣ ምን ያህልስ የሚያሳልፍ እንደ ነበረ ከቡና ታሪክ ይበልጥ የሚያስረዳ የለም። በጎንደር ዘመን ቡና መጠጣት የሙስሊሞች ልማድ ተብሎ ይቆጠር ስለ ነበር የክርስቲያኑ ቤተ ክህነት አጥብቆ ይከለክለው ነበር። የእስላም ቤት ነጋዴ ቡናውን ይነግዳል፣ በቤቱም ይጠጣል፤ የላይኛው ከተማ ሰው ግን ከቀረጡ ገንዘብ በቀር ከቡናው ጋር ጉዳይ አልነበረውም። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ግን ክልከላው እየላላ ሄደ፤ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ቡና የክርስቲያኑም ቤት የየቀኑ ሥርዓት ሆነ።

በዚያ ሥርዓት ላይ የቀረበውን ዕቃ ማስተዋል ይገባል። ቡናውን ወደ ከተማ ያመጣው የታችኛው ሰፈር ሙስሊም ነጋዴ ነው። ጀበናውንና ምጣዱን የጠፈጠፈችው ቤተ እስራኤላዊቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ማገዶውን የተሸከመችው ቅማንት ናት። ቡናው የሚፈላው ደግሞ ዐዋጁ ከነጋዴውና ከሸክላ ሠሪዋ እንዲለይ ባዘዘው በክርስቲያኑ ቤት ነው። አብረው እንዳይኖሩ የታዘዙት ሰዎች ሥራ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተገናኘ።

ይህ ማለት ግን ጉርብትናው ያለ ዋጋ የተገኘ ነው ማለት አይደለም። ሙስሊሙ ገንዘብ ቢያገኝም እንደ ክርስቲያኑ ባለርስት መሆን በአብዛኛው አልተፈቀደለትም፤ “ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው” የሚለው ክፉ አባባል የዚህ ሥርዓት ቋንቋ ነው። ቀጥቃጩም ሸማኔውም በገዛ እጃቸው ያበለጸጉት አገር እንግዶች ተደርገው ኖረዋል።

የመከራው ዘመናት

ጎንደር ስትጎዳ ቀድመው የተጎዱት እነዚህ ሰፈሮች ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1864 ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አዘዙ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማይቱን ዘርፈው አቃጠሉ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የተደረገው የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ የሙስሊሞቹን መጠመቅ በድጋሚ ሲያስገድድ ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ጠረፍ ተሰደዱ። በጥር 1880 ዓ.ም. የአቡ አንጃ የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ወርሮ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ተከትሎ የመጣው ክፉ ቀን የከብት እልቂትንና ረኃብን አምጥቶ ከቤተ እስራኤል መንደሮች ብዙዎቹን ባድማ አደረገ።

የኢጣሊያ ፋሺስት ጦር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ መለያየትን በአዲስ መልክ አመጣ። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው የከተማ ፕላን ነዳፊ ባወጣው ፕላን የኢጣሊያኖቹ ከተማና የአገሬው ሰው ሰፈር ተለያዩ። ቀድሞ ድንበሩ ሃይማኖት ነበር፤ አሁን የቆዳ ቀለም ሆነ። ወራሪው ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ለመነጠል መስጊድ እየሠራና ሹመት እየሰጠ ያባብል ነበር፤ ይህም የቆየውን ቁስል ለራሱ ጥቅም የመጠቀም ስልት ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በጎንደር እጁን ሲሰጥ የፒያሳው ሕንፃዎች ቀሩ፤ የታችኛው ሰፈርም በቦታው ቀረ።

መሬት፣ ጉዞና ትዝታ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት በሃይማኖቱና በሙያው ምክንያት መሬት የተነፈገው ሰው በሕግ ፊት የማረስ መብት አገኘ። የሙስሊሞች በዓላትም ብሔራዊ በዓላት ሆነው ታወቁ። የሚያሳዝነው ዐዋጁ በመጣ ማግስት አካባቢው በጦርነትና በረኃብ መታመሱ ነው። ቤተ እስራኤል በእግር ወደ ሱዳን መውጣት ጀመሩ፤ በመንገድና በመጠለያ ብዙ ሰው አለቀ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሺሕ የሚቆጠሩት ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ሄዱ።

ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ ትንሿን ጸሎት ቤት ይዛ ቀረች። ሸክላው ግን አልቆመም፤ ጎረቤት የሆኑ ክርስቲያን ሴቶች ሙያውን ይዘው ለአላፊ አግዳሚው ጀበናና የሸክላ ምስል መሸጥ ቀጠሉ። “ቡዳ” ይባልበት የነበረውን ሙያ የተሳዳቢው ልጅ መተዳደሪያ አድርጎ መያዙ ስድቡ ምን ያህል መሠረት የለሽ እንደ ነበረ ከማናቸውም ክርክር በላይ ይመሰክራል።

ቅማንትም በሌላ መንገድ እየሳሳ የሄደ ቅርስ አላቸው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ወደ 172,000 የሚጠጉ ሰዎች ቅማንት ነን ሲሉ፣ ቅማንትኛን አፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው ያሉት ከ2,000 አይበልጡም ነበር። እንጨቱን ተሸክመው በወረዱት እናቶች አፍ የነበረው ቋንቋ በጥቂት ሽማግሌዎች ዘንድ ብቻ ቀርቷል።

ድንበሩም ፈጽሞ አልጠፋም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ሙስሊም አባት የቀብር ሥርዓት ላይ በተነሣው ጥቃት ብዙ ሰው ሞተ፤ ንብረትም ወደመ። የጠቡ መነሻ የመቃብር ቦታና የቤተ ክርስቲያን ይዞታ የሚዋሰኑበት መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 ማን የት ይኑር ተብሎ የተጀመረው ጥያቄ ማን የት ይቀበር ወደሚል ደርሶ የሰው ሕይወት አስከፈለ። ነገሩ በድንገት የበቀለ እንዳይመስል የሰፈሮቹን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለቅርስ የሚሰጠው ትርጉምም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ግንቦቹ፣ የፋሲል መዋኛ፣ የቁስቋምና የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሕንጻዎች ጥበቃ አገኙ። ይህም ተገቢ ነው። የአዲስ ዓለም የቆዩ ቤቶችና መስጊዶች፣ የካይላ ሜዳ ስም፣ የወለቃ ጸሎት ቤትና መቃብር፣ የከርከር የአምልኮ ዛፎች ግን የሚታወሱት በአካባቢው ሰው ብቻ ነው። ከተማይቱ እየሰፋች ዳርቻ የነበረው መሐል በሆነ ቁጥር፣ አንድ አሮጌ ቤት በፈረሰና አንድ የሰፈር ስም በተለወጠ ቁጥር ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ተማሪዎቹን ወደ ግንቡ የሚወስድ መምህር በዚያው ቀን ወደ አዲስ ዓለም ወርዶ የነጋድራሶቹን መንገድ ሊያሳያቸው ይችላል። ሠዓሊው ከነገሥታቱ ሥዕል ጎን ድንኳን ተካዩንና እንጨት ተሸካሚዋን ሊሥል፣ የባህል ሠራተኛው የሸክላ ሠሪዎቹንና የሸማኔዎቹን የሙያ ቃላት ከሽማግሌዎች አፍ ሊመዘግብ ይችላል። በቅጥሩ ድንጋይ ላይ የጠራቢው ስም አልተጻፈም፤ የሰፈሩ ስም ግን እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ፤ ምዝገባውም ከእርሱ መጀመር ይችላል።